አምበር ላይ «ክራሽ» ያደረገችው መምህርት

ይህ የደረሰብኝ ሞባይል ለደብረ ማርቆስ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ሰው እንደሚያስሮጥ ያየሁበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም።

እንግሊዝኛ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ኤሚ የምትባል ፈረንጅ በፈቃደኝነት ታስተምር ነበር። እሁድ ገጠሩን ልይ ብላ አምበር ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ሄደች። ሰኞ ጠዋት ክፍል ልገባ ስል በእንግሊዝኛ የጻፈችው መልእክት ደረሰኝ። «ትናንት አምበር ክራሽ አደረግሁ። ጠዋት አልደርስም» ይላል።

ክራሽ! እኔ የማውቀው ክራሽ አንድ ነው፤ የመኪና ግጭት። ብደውል ስልኳ ዝግ ነው።

እየሮጥኩ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ኤሚ አምበር ላይ የመኪና አደጋ ደርሶባታል!»

«በማርያም! በሕይወት አለች?»

«መልእክት ልካለች።»

«ታዲያ ምን ያቆምሃል? ሚኒባስ ጥራ!»

ዘጠኝ ሆነን ተጫንን። የስፖርት መምህሩ ቃሬዛ ይዞ ገባ። ጸሐፊዋ «ደም ካስፈለገ የእኔን ውሰዱ» እያለች እጅጌዋን ከአሁኑ ሰብስባለች። መንገዱን ሙሉ የተገለበጠ መኪና ስንፈልግ አምበር ደረስን።

ጤና ጣቢያ ጠየቅን፤ የመጣ ቁስለኛ የለም። አንዲት ሴት ግን «ፈረንጇን ነው? መሪጌታ ቤት ናት» አለችን። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ቃሬዛችንን ይዘን ግቢያቸው ዘው አልን።

ኤሚ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የተቆላ ባቄላ ትቆረጥማለች!

«ማን ታመመ?» አለች ቃሬዛውን አይታ ደንግጣ።

«አንቺ ነሻ! ክራሽ አደረግሁ ብለሽ!»

አፏን በእጇ ያዘች። ለካ በአገሯ ሰው ሳያስበው ሰው ቤት ሲያድርም ክራሽ አደረገ ይባላል። ዝናብ መኪና አሳጥቷት መሪጌታ አሳድረዋት ኖሯል። ስልኳም ባትሪ ጨርሷል።

መሪጌታ ነገሩ ሲገባቸው በሳቅ ፈነዱ። «ፈረንጅም ሰምና ወርቅ አለው በሉኛ! መምህር፣ አንተ ሰሙን ይዘህ ሮጥህ!»

ሁላችንም ሳቅን። ኤሚ ግን አልሳቀችም። ቃሬዛውን አየች፤ የጸሐፊዋን የተሰበሰበ እጅጌ አየች። «አገሬ ላይ በእውነት ብጋጭ እንኳ ይህን ያህል ሰው አይመጣልኝም» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ያን ቀን ቃሉን ባለማወቄ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ዛሬ ሁለቱንም ፍቺ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ያን ጠዋት ግን እንኳንም አላወቅሁት!