«ደህና ነሽ» የሚለው ወረቀት

ክብረት አንገቷ አብጦ ሳለ፣ በሀና ማርያም የሴቶች እድር ዘንድ የተከበረች በሽተኛ ነበረች። ዓይኗ ፈጥጦ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ብቅ ስትል ሴቶቹ ተሽቀዳድመው ወንበር ይለቁላት ነበር። ሐኪሞቹ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ የታይሮይድ እጢዋን እንደ ባዕድ እየወጋው ነው አሉና እጢውን አወጡት። አንገቷ ተስተካከለ፤ ወንበሩም ቀረ። ሠፈርተኛ የሚያዝነው ለሚታይ ነገር ብቻ ነው። ቁስል ብታሳየው ያለቅስልሃል፤ ድካምን ግን ከየት አምጥተህ ታሳየዋለህ?

ሁለት ዓመት ሆናት። ጠዋት ጠዋት እጢውን የሚተካውን ኪኒኗን በባዶ ሆዷ ትውጣለች። ያም ሆኖ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ በግንቦት ሙቀት ይበርዳታል። በምትሠራበት የወረዳው መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት የምታውቀው መደርደሪያ ፊት ቆማ ምን ልትፈልግ እንደመጣች ትረሳለች።

የእድሩ ደንብ የታመመች አባል ከለቅሶ ቤት ሥራ ነፃ ናት ይላል፤ ኮሚቴው በዓይኑ አይቶ ካረጋገጠ። ሳትታመም ሦስት ጊዜ የቀረች ግን ትሰረዛለች። ክብረት ሁለቴ ቀርታለች። ዘመድ የሌላትን ሴት ከእድር በቀር ማን ይቀብራታል?

ከኮሚቴው ሁለቱ ሊያረጋግጡ ቤቷ መጡ። ሰብሳቢዋ እትዬ ሙሉሰው የክብረትን አገጭ ቀና አድርገው ጠባሳውን በግ እንደሚገዛ ሰው ዳበሱት። ጸሐፊዋ ወርቅዬ የእሷም ፀጉር እንደሚረግፍ፣ በዚህ ኑሮ ያልደከመው ሰው እንደሌለ አወራች። ክብረት የተሳሳተችው ይሄኔ ነው። ማኅተም ያለበት ነገር ሁሉ እውነት ይመስላት ነበርና የምርመራ ውጤቷን አምጥታ ዘረጋችላቸው። ወርቅዬ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ከየቁጥሩ ጎን «ኖርማል» ይላል።

«ይኸው፣ ሐኪምሽ ራሱ መሰከረብሽ» አሉ እትዬ ሙሉሰው። «ስንፍና ደግሞ መቼ በሽታ ሆኖ ያውቃል፣ የኔ ልጅ? ነገ እነጸደንያ ቤት የለቅሶ ድንኳን አለ፤ መጥተሽ ሽንኩርት ትልጪያለሽ።»

ክብረት ሐኪሙም እንዲሁ ወረቀቱን እንጂ እሷን ቀና ብሎ እንዳላየ ትዝ አላት። ቁጥሩ የኪኒኑን ልክ ያውቅ ይሆናል፤ እሷን አያውቃትም። ደግሞስ እሷ ራሷ ስንቱን ባለጉዳይ ፊቱን ሳታይ «ማስረጃ ይዘህ ና» ብላ መልሳለች? በራሷም በእነሱም አፈረች። ሁለቱን ሴቶች ስታያቸው፣ ያለ እነሱ መቀበር እስከ ዛሬ ለምን እንዳስፈራት ሊገባት አልቻለም።

«እትዬ፣ ስሜን ይሰርዙት» አለች። «እናንተማ ስሞትም መሞትሽን በወረቀት አረጋግጪ ማለታችሁ አይቀርም።»

እትዬ ሙሉሰው ወርቅዬን በዓይናቸው ጠቀሷት። ወርቅዬ መሰረዣ ፍለጋ ቦርሳዋን ስትበረብር ክብረት የራሷን እስክሪብቶ አቀበለቻት። ከዚያ፣ እንግዶቿ ገና ሳይነሱ፣ አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጋደም አለች።