ጭስ አይወዴና ትንሿ መኪና

ባሌን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። በሠራበት የአውቶቡስ ጋራዥ ሁሉም «ጭስ አይወዴ» ይለዋል፤ እኔም ስናደድበት እንደዚያው እለዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የናፍጣ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ከእጁ የወጣ አውቶቡስ መንገድ ላይ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ከታየ፣ ያን ቀን እራት አይበላም ነበር። «ጭስ ማለት ሞተሩ የበላው አልተስማማውም ማለት ነው» ይላል። በልጃችን ሠርግ ቀን ሙሽሮቹን ይዞ የመጣው መኪና ሲያጨስ አይቶ፣ በሙሉ ልብሱ ኮፈኑን ከፍቶ ገባበት። በሠርጉ ፎቶግራፎች ሁሉ ላይ የቀኝ እጅጌው ጥቁር ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የፊተኛው ክፍል የእኔ የስፌት መኪናና የደንበኞች ጨርቅ ነው፤ ጓሮው የእሱ የመሣሪያ ሳጥኖች ናቸው። ወጥ ቤቱ የጋራ ስለሆነ የምንጣላው እዚያ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ሲጠይቅ ጉልበቴ ነው አለ። ከመኪና ሥር ገብቶ መውጣት አቃተኝ አለ፤ እኔም አመንኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ወንበሩን መስኮት ሥር ወስዶ ተቀመጠ። የጋራዥ ጓደኞቹ መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። እሱ መካከላቸው ቁጭ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሲስቁ እሱም ይስቃል፣ ትንሽ ዘግይቶ። ቆየት ብሎ በሩ ሲንኳኳ «ተኝቷል በያቸው» ማለት ጀመረ። የቴሌቪዥናችን ድምፅ ግን ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ፣ ጎረቤታችን ዜናውን በግድግዳ ነው የምትከታተለው።

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። «እናንተ ናችሁ የምታጉረመርሙት። ድሮ ሰው አፉን ከፍቶ ነበር የሚያወራው» ይለኛል። አንድ ቀን ልጃችን ደውላ «አባባ፣ አረገዝኩ» አለችው። «እሺ፣ እሺ። ነገ መጥቼ አየዋለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። አንድ ነገር ገዛሁ ያለችው መስሎት ነው። እኔ ሳቅሁ፤ ቀጥዬ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የፈራሁት የጆሮውን መድከም አልነበረም፤ እርጅና ነው፣ የሁላችንም ዕዳ ነው። የፈራሁት አለመስማቱን ላለማመን ሲል ከሰው ሁሉ መሸሹን ነው። እንዲህ ከቀጠለ እኔንም ጥሎኝ እዚያ መስኮት ሥር ብቻውን ሊቀር ነው።

ትንሿን መኪና ያመጣት የልጃችን ባል ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራል፤ የብስኩቱን መጠቅለያ ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ ብስኩቱን የማይቀምስ ሰው ነው። መኪናዋ ክንድ የምታክል፣ በሪሞት የምትነዳ ነች። ባትሪ አይደለም የሚያንቀሳቅሳት፤ የእንቁላል ያህል እውነተኛ ሞተር አላት፣ ናይትሮ የሚባል ሮዝ ነዳጅ ትጠጣለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና ባሌ ዓይን ሥር ሆኖ የማስነሻውን ገመድ ሁለት ሦስቴ ሳበው።

«አባባ፣ አልነሳ አለችኝ» አለ።

ልጃችን የዶለተችው እንደነበር ኋላ ነው ያወቅሁት። ባሌ ወንበሩን ትቶ ተነሣ። ሞተሯን በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት፣ አሸተታት፣ በጣቱ ላይ ያለውን ዘይት አየ።

«መመሪያው አርባ ገጽ ነው» አለ አማቻችን። «አንብቤ ልንገርዎት?»

«መመሪያውን አንተ ያዘው፣ እኔ ሞተሯን ልያዝ» አለው ባሌ።

ጓሮ ወጡ። መኪናዋን ጎማዎቿ መሬት እንዳይነኩ ጡብ ላይ አስቀምጦ ነዳጅ ሞላት። ከዚያ ካንዴላዋ ላይ ማጋያ የምትባል ትንሽ የባትሪ ዘንግ ሰካና ገመዱን ሳበ። ሳበ፣ ሳበ፣ ምንም የለም፤ ኋላ ገመዱም አልንቀሳቀስ አለ። «ከመጠን በላይ ጠጥታለች» አለና ካንዴላዋን ፈትቶ፣ መኪናዋን ገልብጦ ገመዱን መነጨቀው። ውስጥ የተጠራቀመው ነዳጅ ተፈናጥሮ ሄዶ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የሰቀልኩት የደንበኛ ነጭ መጋረጃ ላይ አረፈ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር የመጨረሻህ ነው» አልኩት።

«እሜቴ፣ ሮዝ መጋረጃ ያምራል» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ መቀለዱ ነበር፤ መጋረጃውን ይዤ ልነክረው ገባሁ።

ካንዴላዋን መልሶ አስሮ ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ሲስበው ተነሣች፤ ጓሮው ወዲያው በነጭ ጭስ ተሞላ። ባሌ ፊቱ ቅጭም አለ። አማቻችን መመሪያውን እንደ ጋሻ ይዞ ቀረበውና አስረዳው። የዚች ሞተር ዘይት ለብቻው አይደለም፣ ከነዳጁ ጋር ነው የተቀላቀለው። ስታጨስ ዘይት እያገኘች ነው ማለት ነው፤ አዲስ ሞተር ደግሞ መጀመሪያ አራት ታንክ በቀስታ፣ በደንብ እያጨሰ መለማመድ አለበት። ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ያን ንቅናቄ አውቀዋለሁ፤ ከተባለው አንዱም ጆሮው አልገባም። ቢገባም የሚሰማ አይመስለኝም ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጭስ ሲያባርር የኖረን ሰው ጭስ ጤና ነው ብሎ ማን ያሳምነዋል?

በማግሥቱ ጠዋት ብቻውን ካቻቢቴውን ይዞ ወጣ። ካርቡሬተሯ ላይ የነዳጁን መጠን የምትወስን ብሎን አለች። ወደ ቀኝ ባጠበቃት ቁጥር ነዳጁ ይቀንሳል፣ ጭሱም ይቀንሳል፤ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል። እኔ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ቀሚስ እየጠለፍኩ ነበር። መጀመሪያ ድምፁ ወፍራም ነበር፣ ይንተባተብ ነበር። ቀጥሎ ቀጠነ። ከዚያ እየሾለ፣ እየሾለ ሄደና ጥርሴን አመመኝ። የጎረቤቴ መስኮት ሲዘጋ ሰማሁ። መርፌውን ትቼ ወጣሁ።

ባሌ ሪሞቱን ይዞ መሃል ጓሮ ቆሟል። መኪናዋ በዙሪያው ትከንፋለች፣ ቅንጣት ጭስ የላትም። ፊቱ ላይ ለሁለት ዓመት ያላየሁት ብርሃን ነበር።

«ሰማሽ?» አለኝ። «ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ። ለስላሳ።»

ትንሿ መኪና ሰፈሩን የሚያደነቁር ፉጨት እያፏጨች ነበር። እሱ ግን ጩኸት የለም አለኝ፤ ከልቡ ነው ያለው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የጆሮው ድካም ከወፍራሙ ድምፅ ይልቅ በቀጭኑ ላይ እንደሆነ፣ የእኔን ድምፅ ትቶ የጭነት መኪና የሚሰማው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

አፌን ሳልከፍት መኪናዋ ቀጭ ብላ ቆመች። የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ገመዱን ቢስበው አይንቀሳቀስም። ሲበርድላት ፈታት፤ ፒስተኗ ያለ ዘይት ሲሊንደሯን እየፋቀ ወርዶ ተጣብቋል። ነክሷል ይላሉ መካኒኮቹ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቱን አየሁና ዋጥኩት። እንዲህ ያለ ነገር ስውጥ የመጀመሪያዬ ነው።

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ፒስተኗን በመዳፉ ያዘ። ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ፤ ከንፈሬን ሲያይ ይገባዋል።

«ትጮህ ነበር?» አለኝ።

«ትጮህ ነበር።»

ፒስተኗን አገላበጣት። «የመጨረሻው አውቶቡሴም ይጮህ ነበር» አለ። «ሾፌሩ ያፏጫል ይለኛል። ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ፣ ምንም የለም። ጤነኛ ነው ብዬ ፈርሜ ሰደድኩት። ዳገት ላይ ሞተሩ ተቃጠለበት። ሰው አልተጎዳም፣ መንገደኛው በእግሩ ነው የወረደው። ማታውኑ ጡረታዬን ጻፍኩ።»

«ጉልበትህስ?»

«ጉልበቴ ጤነኛ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጉልበትህን በቅባት ያሸሁት እኔ ነኝ እኮ» አልኩት።

«ደስ ይል ነበር» አለኝ።

አንጀቴን በላው። ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። እሱ ግን ተነሥቶ ካቻቢቴውን ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠና ቆለፈው። «ሞተር በጆሮ ነው የሚታወቀው። ጆሮ የሌለው ሰው ሞተር መንካት የለበትም። ለልጅቷ እንዳትነግሪ» አለኝና ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ይሻለዋል ያልኩት ነገር የባሰ ሊያርቀው ሆነ። ያን ሰሞን እኔም ለሰው የማልመች ነበርኩ፤ የሁለት ደንበኛ ልብስ አጥብቤ ሰፋሁ።

እንዳትነግሪ ያለኝን እኔ ለልጃችን ነግሬያት ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አማቻችን አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር ይዞ መጣ። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረም። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መመሪያውን አጠገቡ አደረገ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። መመሪያው ለሁለት ቀን ማንም ሳይነካው ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ባሌ መነጽሩን አድርጎ እላዩ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። አርባውን ገጽ አራት ቀን አነበበው። አንዱ ገጽ ላይ ቆየ፤ የሞተሯን ሙቀት ለማወቅ አናቷ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉባት ይላል። ውሃው ረጋ ብሎ ቢተን ደህና ነች፣ እንደነካት «ጭሽ» ብሎ ቢጠፋ ከመጠን በላይ ግላለች።

«ይህን የጻፈው ሰውዬ እንደ እኔ ጆሮ የሌለው ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። «ሁሉን ነገር በዓይን ነው የሚያደርገው።» ይህን ብሎ የሳጥኑን ቁልፍ ጠየቀኝ። ቁልፉን እኔ ደብቄው ነበር፤ ተናዶ ጉድጓድ እንዳይጥለው ፈርቼ።

እሑድ ጠዋት ከሰፈራችን ጀርባ ያለው የመጋዘን ግቢ ባዶ ስለሆነ ሦስታችንም ወደዚያ ሄድን። አማቻችን ከግቢው ማዶ ቆመ፤ መኪናዋ ስትገለበጥ ሮጦ የሚያቃናት እሱ ነው። ባሌ አራት ታንክ ሙሉ በቀስታ ነዳት። በነጭ ጭስ ተከቦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ብሎኗን ሳይነካ ቻለው። ለጭስ እንዲህ ሲታገሥ ማየቱ ለእኔ ከሠርጉ ፎቶግራፍ ይበልጥብኛል። አምስተኛው ላይ ልክ የማስያዙ ሰዓት ደረሰ። መኪናዋን አስቀምጦ ብሎኗን የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል አጠበቀ። ጭሱን አየ። ጠብታ ውሃ ጣለ፣ ውሃው ረጋ ብሎ ተነነ። ሌላ ስምንተኛ አጠበቀ። ከዚያ እጁ ቆመ። ያ ያለፈው ነገር ትዝ ብሎታል።

ቀና ብሎ አየኝ።

«እሜቴ» አለ። «ድምፁ ምን ይላል?»

አርባ ዓመት በትዳር ስንኖር ስለ ሞተር አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ ሞተር አላውቅም፤ ስለ ስፌት መኪና ግን ጆሮዬ አይታማም። አጠገቡ ተንበርክኬ፣ ከንፈሬን እንዲያይ ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ።

«አራት እጥፍ ጂንስ ላይ እንደገባ ስፌት ነው» አልኩት። «ይከብደዋል፣ ይንተባተባል።»

ትንሽ አጠበቀ።

«አሁን ነጠላ ጨርቅ ላይ ነው። ይሮጣል። ደስ ይላል።»

ሌላ ትንሽ አጠበቀ።

«አሁን ጨርቁ አልቆበታል፤ መርፌው ባዶውን ነው የሚወርደው። መልሰው።»

ሳይከራከር መለሰው። ይህ ራሱ በቤታችን ታሪክ ነው። መኪናዋ ከእጁ ወጥታ ቀጭን የጭስ መስመር ከኋላዋ እየጎተተች ግቢውን ዞረች። አማቻችን ማዶ ላይ መመሪያውን ጥሎ አጨበጨበ። ባሌ የሚያየው ጭሱን ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትሰሚው?» አለኝ።

«ከተጋባን ጀምሮ። የሚጠይቀኝ አጥቼ ነው።»

አማቻችን ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኛ በእግራችን ተመለስን። መኪናዋን እንደ ሕፃን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟታል። ትልቁ መንገድ ጋ ስንደርስ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ያ የጆሮ ሐኪም ስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?» አለኝ። ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈርቼ ቀስ ብዬ «ሁለት ሰዓት ላይ» አልኩት። በዚያው አንድ የጭነት መኪና አልፎ ቃሌን ይዞት ሄደ። እንደ ልማዱ እሺ እሺ ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ ለማየት ተዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

እሱ ግን ቆመ። መኪናዋን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረና ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«አልሰማሁሽም» አለኝ። «ድገሚልኝ።»