ቦታው ያልታወቀ ቡና

ነገረኛ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ቤት ውስጥ ክርክር ከተነሳ የመጨረሻው ቃል የኔ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህን ጸባይ ይዤ ቴፒ ኮምፒውተር ተማርኩ፤ ይህንኑ ጸባይ ይዤ ወደ ከተማዬ ወደ ሚዛን ተመለስኩና የቡና ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ተቀጠርኩ። በስተመጨረሻ ግን ከኔ የባሰ ነገረኛ አገኘሁ። ሃስኬል የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሰው የጻፈውን አንብቦ ማሽኑ ወደሚገባው የሚቀይረው ኮምፓይለሩ፣ አንዲት ያልጠራች ነገር ካየ ወይ ፍንክች። ቢለምኑት አይሰማ፣ ቢቆጡት አይፈራ። ገና ስንተዋወቅ ላፕቶፔን ከአማን ኮረብታ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የተገናኘነው በቡና ምክንያት ነው። ገዢዎች አሁን አሁን የቡናውን ጣዕም ብቻ ቀምሰው አይሄዱም። ይህ ጆንያ ከማን ማሳ ነው፣ ማሳው የት ነው፣ በካርታ ላይ አሳዩን ይላሉ። እኛ ቢሮ ስገባ የጠበቀኝ ፕሮግራም ግን ይህን ሊመልስ አይችልም። ገበሬው ቀይ እሸቱን ሲያመጣ ስሙ ይመዘገባል። እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ስሙ ይጠፋና በቦታው የአልጋው ቁጥር ይጻፋል። ቡናው ደርቆ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የአልጋው ቁጥር ይጠፋና የጆንያው ቁጥር ይጻፋል። መጨረሻ ላይ ጆንያ አለ፤ ሰው የለም።

አብራኝ የተማረች፣ አዲስ አበባ የምትሠራ ጓደኛዬ ስለዚህ ነገር በስልክ ሳማርርላት ሳቀች። «አንድ ጊዜ የተናገርሽው ነገር የማይቀየርበት ቋንቋ አለ» አለችኝ። «አዲስ ነገር ከፈለግሽ ከአሮጌው ትሠሪያለሽ እንጂ አሮጌውን አትነኪም።» ወዲያው ገባኝ። የደረቀው ቡና እሸቱን አያጠፋውም፤ ከእሸቱ የመጣ ነው እንጂ። ቡና ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ላኪልኝ» አልኳት።

መላኩ ግን ቀላል አልነበረም። ቋንቋው ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያስቀመጧቸው ላይብረሪዎች ያስፈልጉታል። ካርታ የሚያነብ አለ፣ ከመረጃ ቋት ጋር የሚነጋገር አለ፣ ቀንና ሰዓት የሚያውቅ አለ። አንዱን ሲጠሩት ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ሠርግ እንደተጠራ ዘመድ ሌላውን አስከትሎ ነው የሚመጣው። የሚዛን ኔትወርክ ይህን ሁሉ እንግዳ ሊያስተናግድ አልቻለም። ግማሽ ላይ ይቆማል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ ጓደኛዬ ሁሉንም አዲስ አበባ አውርዳ በፍላሽ ጫነችውና በፕላስተር ጠቅልላ ለአውቶቡስ ሹፌር ሰጠችው። እኔም መናኸሪያ ሄጄ ከሰው የሠርግ ጫማና ከመድኃኒት መካከል ለቅሜ ወሰድኩት።

የመጀመሪያው ፍላሽ ላይ የነበሩት ላይብረሪዎች እርስ በርስ አልተስማሙም። አንዱ የዚህኛውን አዲሱን እትም ካላመጣሽልኝ ይላል፣ ሌላው ደግሞ አሮጌውን። ሌላ ፍላሽ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ። ሚዛን ውስጥ የምጠይቀው ሰው ስላልነበረ መሣሪያዎቹን ራሳቸውን አስተማሪ አደረግኳቸው። አንዷን መስመር ጽፌ ወዲያው መልስ የሚሰጠኝ መስኮት ነበር፤ ማለዳ ከቢሮ በፊት ከሱ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ከሁሉ የገረመኝ ግን መፈለጊያው ነው። የምፈልገውን ነገር ስም ባላውቀው እንኳ፣ ምን እንደምሰጠውና ምን እንዲመልስልኝ እንደምፈልግ ብቻ ስጽፍለት ከነዚያ ሁሉ ላይብረሪዎች ውስጥ ለይቶ ያወጣልኛል። ገበያ ገብቶ የዕቃውን ስም ሳያውቁ ጥቅሙን ብቻ ተናግሮ እንደማግኘት ነው። አንድ ወር ሳይሞላ ስህተት ብሎ የሚጽፍልኝን ረጅም ወቀሳ እንደ ወዳጅ ደብዳቤ ማንበብ ጀመርኩ።

የዚህ ታሪክ ዋናው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ቋንቋ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር ባዶ ሆኖ ሾልኮ አያልፍም። የማሳው ቦታ ላይታወቅ ይችላል ብዬ ከጻፍኩ፣ ኮምፓይለሩ «እሺ፣ ካልታወቀስ ምን ልታደርጊ ነው?» ብሎ ይይዘኛል። መልስ ካልሰጠሁት ፕሮግራሙን አይሠራልኝም። እኔም መልስ ሰጠሁት፤ የአንድ ገበሬ ማሳ እንኳ ቦታው ካልታወቀ፣ ከዚያ ቡና የተሞላ ጆንያ ሁሉ «ይቆይ» ይባል። አንድ መስመር ናት። ጽፌ ስጨርስ በጣም ኮርቼባታለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን እኩያዬ ነው፤ በነገር ባይበልጠኝም አያንሰኝም። «ይህን ቋንቋ ሚዛን ውስጥ ካንቺ ሌላ የሚያውቀው አለ?» አለኝ።

«እኔ እስከማውቀው የለም።»

«ብትታመሚስ?»

«አልታመምም» አልኩት። ፈቀደልኝ።

በዚያው ዓመት አባቴን አንድ ነገር አሳመንኩት። የኛ ማሳ ከከተማው ወጣ ብሎ በሸዋ ቤንች ወረዳ በኩል ነው። ማኅበሩ ምርጥ ቡና ለብቻው ለይቶ ለአንድ ገዢ ሊሸጥ ነበርና አባቴም እንዲገባበት ወተወትኩት። ለዚህ ቡናው ቀይ ቀዩ ብቻ መለቀም አለበት። አንዱ ዛፍ ጋ ተመላልሶ መሄድ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ የለቀማውን ወቅት ወገቡ ተቆርጦ ነው ያሳለፈው። ገዢው ካልተቀበለው ያ ሁሉ ድካም ከተራው ቡና ጋር ተደባልቆ ይቀራል። አባቴ ይህን ያውቅ ነበር። «ባንቺ ቃል ነው የገባሁበት» አለኝ፣ እየሳቀ፤ ግን ሳቁ የቀልድ ብቻ አልነበረም።

ከማሳችን ጎን የጎረቤታችን ማሳ አለ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። የማኅበሩ አባልነት በባላቸው ስም ነበርና ባላቸው ሲሞቱ እሱም አብሮ ቀረ። እኛ አገር ደግሞ አባል ያልሆነ ሰው ቡናውን በአባል ስም ያስገባል። ማንም ነውር ነው አይልም፤ ጉርብትና ነው። አባቴ የእሳቸውን እሸት ከራሱ ጋር እያስገባ፣ የሚመጣውንም ገንዘብ እያደረሰላቸው ስንት ዓመት ኖሯል።

እሸት መቀበል የተጀመረ ቀን ላፕቶፔን ይዤ ማጠቢያ ጣቢያው ላይ ተቀምጫለሁ። አባቴ በአህያ ጭኖ መጣ። የራሱ በአንድ በኩል፣ የጎረቤታችን ትንሿ ከረጢት በሌላ በኩል።

«ሁሉንም በኔ ስም ጻፊው» አለ።

«ይቺ የማን ናት?»

«አታውቂያትም እንዴ? የሷ ናት።»

«እንግዲያው በእሳቸው ስም ነው የምትገባው። አባባ፣ ያንተ ያንተ ነው፣ የእሳቸው የእሳቸው ነው።»

«አባል አይደለችማ!»

«ፕሮግራሙ የሚጠይቀኝ ማን እንደለቀመው ነው።»

ከኋላ ተሰልፈው የሚጠብቁት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። አባቴ ትከሻውን ነቅንቆ ተወኝ። ሁለት አድርጌ መዘገብኩት። ማሳቸው የት ነው ለሚለው መልሱ «አልታወቀም» ሆነ፤ የማኅበሩ ማሳ ለኪዎች ለካርታው የለኩት የአባላትን ብቻ ነውና። የእሳቸው ቡና ለብቻው አልጋ የሚሞላ አልነበረም። ስለዚህ እንደተለመደው ሠራተኞቹ የሁለቱን አንድ አልጋ ላይ አሰጡት። ፕሮግራሜም ከሁለቱ አንድ አዲስ ቡና ሠራ፤ ወላጆቹን ሁለቱንም የሚያስታውስ። ከዚያ አልጋ የወጣው ጆንያ ሁሉ «ይቆይ» ተብሎ ተጻፈበት።

ለኪዎቹን ደጋግሜ ለመንኳቸው፤ አባል ካልሆኑ አይመለከተንም አሉኝ። የገዢው ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ።

«የአባትሽ ቡና ለምን ቆመ?»

ነገርኩት።

«ታዲያ ሴትዮዋን አጥፊያቸውና የአባትሽ ብቻ ይሁን። ማን ያውቃል?»

«አይቻልም። ጆንያው የተሠራው ከሁለቱም ነው። እሳቸውን ካወጣሁ ጆንያው የለም።»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?»

«ለዚያ ነዋ አይቻልም የምልህ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ቁጭ ብዬ ብፈልግ መንገድ አላጣም ነበር። አልፈለግኩም። አንዴ የእሳቸውን ካጠፋሁ ሌላም ቀን የሌላውን «አጥፊ» መባሌ አይቀርም፤ ያኔ ያ ሁሉ ፍላሽና ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምን አስፈለገ?

ወሬው አባቴ ጆሮ ደረሰ። አማን የተከራየሁት ቤት ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ግባ ብለው አልገባም። «ለጎረቤት ደግ በሠራሁ ልጄ ቀጣችኝ» አለ። «ማሽኑስ ዘመድ አያውቅም። አንቺስ?» መልስ አጣሁ። እኔ፣ የመጨረሻው ቃል ባለቤት። ከሄደ በኋላ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ልቤ ነው የተሰበረው። ሆኖም ተሳስቻለሁ የሚል ሐሳብ ለአፍታም አልመጣብኝም። ያናደደኝም ይኸው ነበር።

ተቆጣጣሪው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ጣቱን በሚያየው ጆንያ ላይ ሁሉ ያሳርፋል፣ እኔ ቁጥሩን አስገባለሁ፣ የገበሬዎቹ ስምና ማሳ ይወጣል። የአባቴ ጆንያዎች ጋ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ሳል ጀመረው።

«ይህ ለምን ይቆያል?»

«ሁለት ገበሬዎች አሉበት፤ የአንዷ ማሳ ካርታ ላይ የለም» አልኩት። ከዚያም ብዙ ቀን በውስጤ ሳብላላው የነበረውን ጠየቅኩት። «እናንተ ዘንድ የግድ አባል መሆን አለባቸው?»

«አባልነት የናንተ ጉዳይ ነው። እኛ የምንጠይቀው ቡናው የት እንደበቀለ ነው።» ማያ ገጹን ትንሽ አየው። «እኚህ ሴት መሬታቸው የት ነው?»

«ከአባቴ ማሳ ጎን።»

«እንሂዳ።»

መንገዱ እስከፈቀደ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ሄድን። ጎረቤታችን በፕላስቲክ ጫማቸው ጭቃውን እየረገጡ ከፊት ከፊታችን ይሄዳሉ፤ ተቆጣጣሪው ስልኩን ይዞ በየጥጉ እየቆመ ቦታውን ይይዛል። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ስልኩ ከሳተላይቱ ጋር መገናኘት አቃተውና ቆመን መጠበቅ ነበረብን። አባቴም ሳይጠራ መጥቶ አጥሩ ላይ ተደግፏል። እኔን አላየኝም፣ ወይም ያላየ መሰለ።

«ይኼ ዋንዛ የኔ ነው» አሉ ጎረቤታችን፣ ድንበሩ ላይ ያለውን ዛፍ እየነኩ።

«የጋራ ነው» አለ አባቴ።

«ጥላው የጋራ ነው፤ ግንዱ የኔ ነው።»

ተቆጣጣሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እዚያው ግንዱ ሥር ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩና የማሳውን ጥጎች አስገባሁ። የድሮውን ምዝገባ አልነካሁትም፤ አዲሱን እውቀት ጨመርኩበትና ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና እንዲያስብ ነገርኩት። ጆንያዎቹ አንድ በአንድ «ይለፍ» አሉ። ተቆጣጣሪው የቡናውን አመጣጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብለት ጠየቀኝ። የጎረቤታችንን ሙሉ ስም ከነአባታቸው አነበብኩ፤ ቀጥዬ የአባቴን።

«እስኪ ድገሚው» አሉ ጎረቤታችን።

ደገምኩት። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

የዚያን ዓመት ቡና ተሸጠ። ሥራ አስኪያጁ ቋንቋውን አስተምሪኝ ብሎ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረ፤ ኮምፓይለሩ ባዶ ያለፈውን ነገር ሁሉ እየያዘ ሲያፋጥጠው ሳቄን መደበቅ አቅቶኛል። ጎረቤታችን በራሳቸው ስም አባል ሆኑ። ከአባቴ ጋር ግን ስለዚያ ነገር አልተነጋገርንም፤ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። አማን ሲመጣ ግን በር ላይ መቆሙን ተወ።

በቀጣዩ ለቀማ ላፕቶፑን የያዘችው ያሠለጠንኳት አዲስ መዝጋቢ ናት፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። አባቴ አህያውን እየነዳ መጣ። እንደ አምናው የራሱ በአንድ በኩል፣ የጎረቤታችን ትንሿ ከረጢት በሌላ በኩል። መዝጋቢዋ ስሙን ጠየቀችው።

አባቴ መጀመሪያ ትንሿን ከረጢት አውርዶ ፊቷ አስቀመጠ።

«የሷን አስቀድመሽ ጻፊ» አለ፣ እኔን እያየ። «የኔ የትም አይሄድም።»