የአያንቱን ፊት ፍለጋ በነቀምቴ መንገድ

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ አዲስ አበባ

ጨለማው ሳይገፈፍ ከአስኮ መናኸሪያ ተነሣን። ልብስ የያዝሁባት ሻንጣ ትንሽ ናት፤ ጭኔ ላይ ያስቀመጥሁት የካሜራ ቦርሳ ግን ይከብዳል። በውስጡ አንድ አዲስ ዲጂታል ካሜራ፣ ከእኔ ጋር ያረጀ የብረት ዙም ሌንስና ሁለቱን የሚያጋጥም ቀለበት አለ። ሌንሱ የፊልም ዘመን ሥራ ነው። ማክሮ ስለሆነ የጤፍ ፍሬ የምታህለውን ነገር አቅርቦ ያሳያል። የዕፅዋት መምህር ሆኜ በኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ቅጠልና አበባ ያነሣሁት በእሱ ነው።

የጉዞዬን ምክንያት ለአንባቢ መሸሸግ አልፈልግም። ባለቤቴ አያንቱ በትውልድ ከተማዋ በነቀምቴ ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ታናሽ እህቷ ቀነኒ ዘንድሮ የመቃብር ሐውልት እያሠራችላት ነው። ግንበኛው ፎቶዋ የሚገባበትን የእንቁላል ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ትቶ ይጠብቃል። ቀነኒ ፎቶ ይላኩልን ማለት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ እኔም “አለ፣ ፈልጌ እልካለሁ” ስል ኖሬአለሁ።

የለም። የሰርጋችን አልበም ቤት ስንቀይር ጠፋ። መታወቂያዋ ላይ ባለው ፎቶ ማኅተሙ ዓይኗ ላይ አርፏል። ዕድሜውን በካሜራ ያሳለፈው ባሏ አንድ ቀን እንኳ አላነሣትም። ይህን ለቀነኒ መናገር ስላቃተኝ፣ ሳልናገር የምገላገልበትን መንገድ ፈለግሁ። ሲሬ የሚኖሩት ኦቦ ታደሰ በወጣትነቷ የመዘምራን መሪዋ ነበሩ፤ ሠላሳ ሰው የተሰለፈበት የኅብረት ፎቶ እጃቸው ላይ አለ። በዚያ ፎቶ ላይ ፊቷ ከበቆሎ ፍሬ አይበልጥም። ሌንሱ ያን ፊት አጉልቶ ካወጣልኝ ውሸቴ እውነት ይሆናል።

ከረፋድ እስከ ቀትር፤ አምቦና ባኮ

አምቦ ላይ ለቁርስ ስንወርድ ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ሊያወጣልኝ እጁን ዘረጋ።

“ይቅር፣ ይሰበራል” አልሁት።

“አባባ፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዙት? ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ እንቁላል?”

አውቶቡሱ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጡት የጉቶ ጊዳ ነጋዴ ሴት ነጠላቸውን አስተካክለው ቦርሳውን ጎነጥ አደረጉት። “ካሜራ ነው አይደል? ምን ያደርግልዎታል? ስልክ አይሻልም? ስልክ ፊት ያጠራል፤ የእኔን እንኳ ያቀላዋል።”

ባኮ ከመድረሳችን በፊት ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወጣቱ ፈታሽ ሌንሱን አገላብጦ አየውና ከበድ ብሎት ዓይኑን ወደ እኔ አነሣ።

“ምን ሊያነሡበት ነው?”

“ባለቤቴን።”

“የት አሉ እሳቸው?”

“ሞታለች።”

“የሞተ ሰው ይነሣል እንዴ?” አለ። ለማሾፍ አልነበረም፤ የእውነቱን ነበር የጠየቀኝ። ሌንሱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ባኮ ላይ በመስኮት ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ከበቡን፤ ሙቀቱ ከታች ከሸለቆው ይወጣል። የነጋዴዋን ማንጎ ተካፍዬ በላሁ። ግራና ቀኙ የተከመረ በቆሎ ነው።

8 ሰዓት ከሰዓት በኋላ፤ ሲሬ

ኦቦ ታደሰ በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። “ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ መምህር! እንኳን ደህና መጡ! አሥራ ሁለት ዓመት እኮ ነው፤ እኛንም ቀበሩን?” እያሉ ትከሻዬን ጨበጡ። ፎቶውን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አወጡ። ወፍራም ፕላስቲክ ለብሷል።

“ጊዜው እርጥብ ነው፣ እንዳይበላሽ ብዬ ላሚኔት አስደረግሁት” አሉ በኩራት። “አሁን ውሃ ቢደፋበትስ ምን ይሆናል?”

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከግራ አራተኛዋ እሷ ናት። አንገቷን ትንሽ ዘንበል ማድረጓ ያው ነው።

ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ካሜራውን ወደታች ብደፋው የሌንሱ ቱቦ በራሱ ክብደት ተንሸራተተ፤ እነዚህ የጥንት ዙሞች ሲደፉ አይቆሙም። ስለዚህ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አስደግፈን አቆምነው። ኦቦ ታደሰ የመስኮቱ ብርሃን ፕላስቲኩ ላይ እንዳያንጸባርቅ ጋቢያቸውን ዘርግተው ቆሙ። አዲሱ ካሜራ አሮጌውን ሌንስ አያውቀውም፤ ሌንስ አልተገጠመም እያለ ይጽፋል። ያን ማስጠንቀቂያ አልፌ በእጄ ቀለበቱን እያዞርሁ በካሜራው መመልከቻ ፈለግኋት።

ከሩቅ እሷው ናት። ቀረብሁ፤ አሁንም እሷ ናት። ሌንሱን ወደ ማክሮው ሳመጣው ግን ፊቷ ተበተነ። የላሚኔት ማሽኑ ሙቀት የወረቀቱን ገጽ አቅልጦ አኮማትሮታል፤ በዓይን የማይታይ ነገር በሌንሱ ፍንትው ብሎ ታየ። ዓይን ባለበት የቀለም እብጠት፣ ከንፈር ባለበት ስንጥቅ ብቻ ነበር። ብርሃኑን ቀየርሁ፤ ከጎን፣ ከላይ ሞከርሁ። ሃያ ጊዜ አነሣሁ፤ ከሩቅ የተነሣውም ሲጎላ ያው ነው፤ በቀረብሁ ቁጥር እየጠፋች ሄደች።

“እንዴት ነው? ወጣች?” አሉ ኦቦ ታደሰ፤ ጋቢውን የያዙት እጆቻቸው ደክመው ነበር።

“ደህና ወጥታለች” አልኋቸው። ያበላሹት እሳቸው እንደሆኑ እንዲያውቁ አልፈለግሁም። ወደ ነቀምቴ የሚሄደውን ሚኒባስ እስክይዝ ድረስ ስለ እኔ ካሜራ ለጎረቤት ሲያወሩ ሰማኋቸው።

ዓርብ፣ ጠዋት፤ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር

ማታ ቀነኒ ቤት ስደርስ ደክሞኛል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ቀነኒ ሻይ አቅርባ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሽበቷ እንደ አያንቱ ከግንባሯ ጀምሯል።

“ጋሼ፣ ግንበኛው ዛሬ ይጨርሳል። ፎቶውን ይስጡኝና ላስወስድለት።”

ሌላ ውሸት አፌ ላይ መጣ። በላሚኔቱ የተበላሸው ፎቶ ሰበብ ይሆነኝ ነበር። ተውሁት።

“ፎቶ የለኝም፣ ቀነኒ። ኖሮኝም አያውቅም። አንሥቻት አላውቅም።”

የሻይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። “ያን ሁሉ ዓመት ጫካ ለጫካ አብራችሁ ስትዞሩ? ያን ሁሉ አበባ ሲያነሡ እሷ የት ነበረች?”

“የአበባውን ዘንግ ይዛልኝ። ነፋስ እንዳያወዛውዘው። ፎቶዎቹ ላይ የጣቶቿ ጫፍ አለ።”

“ሐውልት ላይ ጣት አይለጠፍም፣ ጋሼ።”

“አንድ ቀን ጉቶ ጊዳ ውስጥ ‘እኔንም አንሣኝ’ አለችኝ። ‘ፊልሙ ሊያልቅ ነው’ አልኋት። ስምንት ምስል ይቀረው ነበር።”

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቀነኒ አላለቀሰችም።

“እኛ እኮ ደብቀውብን ነው ብለን ነበር” አለች ቀስ ብላ። “ለራሱ ብቻ ይዟት፣ አላካፍልም ብሎ ነው እያልን እናማዎት ነበር። ስንናደድ እንኳ፣ ይሄን ያህል ይወዳታል ማለት ነው እንል ነበር።” ብርጭቆዬን አነሣች፤ ሻዩ እንዳለ ነው። “ደብቀውብን ቢሆን ይሻለኝ ነበር።”

ዓርብ፣ ከቀትር በፊት፤ የመቃብር ስፍራው

ጎን ለጎን ሆነን በእግር ሄድን። ግንበኛው ገመዳ ከሲሚንቶው ላይ ቀና ብሎ “ሱራን ዱፌ? ፎቶው መጣ?” ሲል ጠየቀ።

“ሂንጂሩ” አለችው ቀነኒ። የለም።

“እንጠብቅ?”

ወደ እኔ ዞረች። መመለስ ያለብኝ እኔ ነበርሁ።

“አይመጣም። ድፈነው።”

“እሱማ ክፍት አይተውም፣ ውሃ ያቁራል” አለና የሲሚንቶ ማንኪያውን አነሣ። ጎድጓዳውን ሞላው፤ እድፍ መስሎ እንዳይቀር ብሎም ሙሉውን ገጽ እንደገና ለሰነው። ቀነኒ መጨረሻውን ሳታይ ወደ መንገዱ ሄደች። እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጬ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ሲደርቅ ተነሥቼ መዳፌን አሳረፍሁበትና ፊቷ የት ሊሆን እንደነበር ፈለግሁ። አልለየሁትም።