አዳነችን ከደጅ የመለስኳት እኔ ነኝ

ይህችን ነገር የነፍስ አባቴ እንኳ አያውቋትም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር እሷን ዘልያታለሁ። ሚስቴም አታውቅም። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ፊቴንም አታዩትም፤ ስለዚህ ልናገር። እኔ ሰው ከድቻለሁ። ያውም ወንድሜ ብሎ የሚጠራኝን ሰው።

ስለ ብሔር ብሔረሰቦች እኩልነት በየስብሰባው የሚወራበት ዘመን ነበር። እኔ ጎጃሜው ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ቦንጋ ተመድቤ አስተምር ነበር። ከሂሳብ መምህሩ ከደግፌና ከወረዳው ሠራተኛ ከአለሙ ጋር የእትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተናል። የቦንጋ ዝናብ አንዴ ከያዘ መውጫ የለም፤ እሁድ ከሰዓት ግድግዳ ሲያዩ መዋል ነው። እናም ካምፓስ ሳለሁ የዶርም ልጆች ያስተማሩኝን ጨዋታ አመጣሁላቸው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ የፈለጉትን ሰው ሆነው በዚያ ሰው አፍ ያወራሉ፤ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሉዶ ዳይስ ይፈርዳል። መሪው እኔ ነበርኩ። አለሙ ወዲያው ጥይት የማይበሳው ጀግና ሆነ። ደግፌ ግን ብዙ አሰበና «እኔ ሴት ልሁን» አለ።

አለሙ በሳቅ ሊሞት! «እሰይ! መቼ ነው የምንድርሽ?»

ደግፌ አልሳቀም። «አዳነች እባላለሁ፤ ከሰል ሻጭ ነኝ» አለ።

እንዴት አድርጎ እንደተጫወታት! ድምፁን አያቀጥንም፣ አይሽኮረመምም። ትከሻውን ሰብሰብ ያደርጋል፤ በቃ፣ ሴትዮዋ መጣች። መንገድ ላይ ሰው ስታይ ወደ ዳር ወርዳ ታሳልፋለች። ከአጥር ውጭ ቆማ ትጣራለች። የሚሰጣትን በኮባ ቅጠል ተቀብላ እዚያው ትበላለች እንጂ ቤት አትገባም። እኔ አገሩን አላውቅም፤ ፈጠራው መስሎኝ አደነቅኩለት። ኋላ ነው እትዬ አስካለ ከሰል ለምታመጣላቸው ሴት ከአጥሩ ላይ የተሸረፈ ስኒ አውርደው ሲሰጧት ያየሁት። ለምን አልኳቸው። «የእነሱ ጎሳ እኛ ቤት አይገባም፤ አብረንም አንበላም፣ አንጋባም፤ የቆየ ወግ ነው» አሉኝ እንደ ቀላል ነገር። ስብሰባ ላይ እኩልነት ሲባል እሳቸውም ያጨበጭቡ ነበር፤ እኔም አጨበጭብ ነበር።

አንድ እሁድ አዳነች አንዲት ባለጸጋ እመቤት ደጅ ደረሰች። እመቤቲቱ እኔ ነኝ፤ መሪ ስለሆንኩ የቀረውን ሰው ሁሉ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ የምጫወተው እኔ ነበርኩ።

«ግቢ፣ አዳነች» አልኳት።

«ኧረ እመቤቴ፣ ሰው ምን ይልሻል?»

«ግቢ አልኩሽ! ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትበዪው።»

ደግፌ ዳይሱን ሳይጥል ጨብጦ ያዘ። ከዚያ በአዳነች አንደበት እንዲህ አለ፦ «ልጄ ሺሺንዳ ከተማ ነው የሚማረው። ገበያ ላይ ብታየኝ እናቴ ብለህ እንዳትጠራኝ ብዬዋለሁ። ታዛዥ ነው፤ ጠርቶኝ አያውቅም።» እንባው ዱብ ዱብ አለ።

አለሙ «አንቺ ሴትዮ፣ ቴአትር ቤት ነበር የሚሻልሽ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ገባኝ። ደግፌ «ያደግኩት ሺሺንዳ ነው፣ እናቴ ሞታለች» ነበር የሚለን። እናቱ አልሞተችም፤ አዳነች እሷ ናት። እመኑኝ፣ ያን ቀን ከልቤ አዘንኩለት።

ታዲያ ያዘነ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ደግፌ የእትዬ አስካለን ልጅ ሰብለን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ልጅቷም ትወደዋለች። እትዬ አስካለ ዘሩን ማጣራት ያዙና እኔን ጠሩኝ። «ልጄ፣ አንተ ወንድሙ ነህ። ከማን ወገን ነው?»

አላውቅም ብል ማን ይፈርድብኝ ነበር? ጎጃሜ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ ብል ያምኑኝ አልነበር? አላልኩም። ሰብለን እኔም እወዳት ነበር። ይኸው፣ ወጣልኝ! እሱን ስታይ ፊቷ ሲፈካ እኔ እበግን ነበር። «እናቱ በሕይወት አለች፤ ከሰል ትሸጣለች፤ ከአጥር ውጭ ከሚቆሙት ናት» አልኳቸው። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ አልሰከርኩም። እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እትዬ አስካለ ሰብለን ጅማ አጎቷ ዘንድ ሰደዷት። ደግፌን ክፍሉ ለዘመድ ተፈልጓል ብለው አስለቀቁት። እኔም አብሬው አዝኜ ዕቃውን አሸከፍኩለት። አቤት ድፍረቴ!

ሊሄድ ሲል ወደ ክፍሌ መጣ። ዝናብ ነው። እኔ ጋ የነበረው አለሙ «ግባ እንጂ፣ ምን ትበሰብሳለህ?» አለው። አልገባም። ከደጃፉ ውጭ ቆሞ ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ። አዳነች መጣች።

«እመቤቴ፣ አለሽ?» አለችኝ።

ዓይኗን አላነሳችም። አወቀብኝ ማለት ነው፤ እንባውን የተረዳሁለት እኔ ብቻ እንደነበርኩ አውቋል። ግቢ ማለት ነበረብኝ። ከአልጋዬ ተነስቼ፣ እግሩ ላይ ወድቄ፣ ግቢ ማለት። ከአልጋዬም አልተነሳሁም።

«ያን ቀን ቤትሽ ስላስገባሽኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝና በዝናቡ ሄደች።

«ምን ነካው ይሄ ሰውዬ?» አለ አለሙ። እኔም «እንጃ» አልኩ።

ልጅነት ነው አልልም። የአገሩ ወግ ነው ብዬም እትዬ አስካለ ላይ አላላክክም፤ እሳቸው የማያውቁትን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ደግፌ፣ ይህን ካነበብክ፣ ቤቴ ቤትህ ነው አልልህም፤ ምን ፊት አለኝ? ያለህበትን አጠያይቄ ደርሼበታለሁ። እመጣለሁ። ከአጥርህ ውጭ ቆሜ እጣራለሁ። ግባ ባትለኝም አልቀየምህም።