የወንድሜ የእንግሊዝኛ ዜሮ

አስረኛ ክፍል ሳለን የሆነ ነገር ነው። ዓመታት ቢያልፉም ሳስበው ያናድደኛል፤ ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ ሆዴን ያባባዋል።

ታላቅ ወንድሜ አያሌው ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ይማር ነበር። የዘገየው ሰንፎ አይደለም። ገና በልጅነቱ አባታችን ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ወደሚባለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልኮት ድጓ፣ የዜማውን መጽሐፍ፣ ሲማር ስለቆየ ነው። እዚያ ትምህርት ማለት የኔታ ያሉትን ቃል በቃል መመለስ ነው። ከራሱ የጨመረ ይገሠጻል።

ወደ ዘመናዊ ትምህርት ሲገባ አባታችን «አንድ ክፍል ከወደቅህ በሬዎቹ እየጠበቁህ ነው» ብሎት ነበር። በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይተን፣ በየሳምንቱ ከገጠር ስንቅ እየተሸከምን ስንማር አያሌው ቀን ከሌት ያጠና ነበር። እንግሊዝኛ ይከብደው ስለነበር መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያዘው። ቤታችን ጠባብ ናትና እኔም ሳልወድ ግማሹን ሸመደድኩ።

በማጠቃለያ ፈተናው ላይ «የምትኖሩበትን አካባቢ ግለጹ» የሚል የእንግሊዝኛ ድርሰት መጣ። ወረቀት ሲመለስ መምህራችን የአያሌውን አንሥተው በአማርኛ እየተረጎሙ አነበቡልን። ሰማያዊ ሐይቅ፣ በጀልባ ዓሣ የሚያጠምዱ ጎረቤቶች፣ በሐይቁ ዳር የተሠሩ ሆቴሎች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«እስቴ ላይ ይህ ሐይቅ የት ነው ያለው?» አሉት። «ለመኮረጅ እንኳ ትንሽ ማሰብ ያስፈልጋል እኮ!»

ዜሮ ሰጡት። አያሌው አንገቱን ደፋ።

ከክፍል ስንወጣ ተከትለናቸው ቢሯቸው ገባን። ወንድሜ የኔታ ፊት እንደሚቆመው እጁን አጣምሮ ቆመና «መምህር፣ ልበልልዎት?» አለ። የሐይቁን ምንባብ ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ ወጣው። ሳያርፍ የሚቀጥለውን ጀመረ። መምህሩ መጽሐፉን ከፍተው በጣታቸው ሲከተሉ ቆዩና ዘጉት።

«በቃ። አልኮረጅክም» አሉ ዝግ ብለው። «ግን ልጄ፣ ፈተናው የጠየቀው ያንተን ቃል ነው።»

«እርስዎ ያስተማሩኝን ትቼ የራሴን ብጽፍ ድፍረት አይሆንብኝም?»

የምሩን ነበር። መምህሩ «ውጤቱ አንዴ ለጽሕፈት ቤት ገብቷል፣ አሁን መለወጥ አልችልም» አሉ። እኔ ልከራከር ስል አያሌው በዓይኑ ከለከለኝ።

«እንግዲያው አለመኮረጄን ለልጆቹ ይንገሩልኝ» አለ።

«እነግራቸዋለሁ» አሉት።

በዚያው ሳምንት ትምህርት ተዘጋ። በክረምቱ መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። ወንድሜ በእንግሊዝኛው ምክንያት ወደቀ፤ አባታችንም ቃሉን አላጠፈም። መስከረም ሲጠባ እኔ ብቻዬን ስንቄን ይዤ ወደ ከተማ ወጣሁ።

አምና ከአያሌውና ከትንሿ ልጁ ጋር ገበያ ወጥተን ሳለ አንድ የያኔ የክፍል ጓደኛችን ከሩቅ አየው። «ኮራጁ! አለህ እንዴ?» ብሎ እየሮጠ አቀፈው። በክፋት አልነበረም፤ ናፍቆት ነው። ስሙን ግን ረስቶታል። ወንድሜ ሣቀ። ልጁ ቀና ብላ አባቷን አየችው።

ሰውየው ሲሄድ እኔ ተቆጣሁ። አያሌው «ተይው እታለም፣ አሁን ምን ያደርጋል» አለኝ።

እኔ ግን መተው አልቻልኩም። ዜሮው ደንብ ነው ቢሉኝ እሺ እላለሁ። መምህሩም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ምናልባትም ረስተውት ይሆናል። ወንድሜ የለመናቸውን አንድ ነገር ሳያደርጉለት መሄዳቸው ግን ከሆዴ አልወጣም። ስለዚህ እሳቸው ያልነገሯችሁን እኔ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ እዚያ ክፍል ተቀምጣችሁ የሣቃችሁ ሁሉ፣ ሰውየው ስሙ አያሌው ነው። አልኮረጀም።