ለማርያም የመጣ ቅቤ

ከዱራሜ ወጣ ብሎ፣ በካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በድንጋይ በተሠራች ትንሽ ዋሻ ውስጥ አንዲት የጄሶ ማርያም ቆማለች። ካባዋ ሰማያዊ ነው፤ ጉንጯ እንደ ፈረንጅ የቀላ፤ በክንዷም ሕፃን ታቅፋለች።

አንዲት ቅቤ ሻጭ ሴትዮ በየገበያው ቀን ወደ ሐውልቷ ትመጣለች። ነጠላዋ ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል፣ መቀነቷ ግን እንደ ዘበኛ ቀበቶ ጠብቋል። ቅቤዋን ለገበያ ከማውረዷ በፊት የኮባውን ቅጠል ፈትታ፣ በጣቶቿ ዝቃ የሐውልቷን አናት ትቀባለች።

ዛሬ እኔ ከደጁ ቆሜ ሳያት፣ የቤተ ክርስቲያኑ መምህር ሽብሩ ጨርቅና የሳሙና ውኃ ይዞ ደረሰባት።

«እናቴ፣ ስንቴ ልንገርዎት? ቀለሙ ተላጠ፣ ዝንብ ወረራት። ከጣልያን አገር ድረስ የመጣች ናት እኮ!»

«እንግዲያማ እንግዳ ናት» አለች እጇን ሳታነሳ። «አራስ እንግዳ አናቷ ደርቆ በደጃችን ስትቆም ዝም ብዬ ልለፍ? እርስዎ ይጥረጉ፤ እኔ እቀባለሁ።»

ጠረገ። ቆማ አስጨረሰችውና እንደገና ቀባች። ሽብሩ ባልዲውን አንስቶ እያጉረመረመ ሄደ።

ሌላ ሴት ብትሆን በእጇ የቀረውን ቅቤ በራሷ ፀጉር ላይ ትጠርገው ነበር። እሷ ግን ጣቶቿን በሣር አበሰች። ከሻሿ ሥር ያመለጠው ፀጉሯ እንደ ገለባ ደርቋል።

«ለራስዎስ?» አልኳት።

የጄሶውን ሕፃን እግር በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገች።

«እኔ ምን ታቅፌ?»